ግምት የወለደው ሰውዬ

ጠዋት ነው፣ ደብረ ብርሃን፤ ጣራው ሁሉ ውርጭ ለብሷል፤
አራት መዝገብ ታቅፌያለሁ፣ አንደኛው ጥራዙ ፈርሷል።
በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፣ ርጥበት እንዳያገኘው፣
ሁለት ክረምት በሻማ ዳር፣ ይኸው እጄ ያገናኘው።

ሥራው? ድልድይ ነበር። ትንሽ፣ ሁለት ዐይን ያላት፣ ቀና፤
ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ጎርፍ ሰው ይበላ ነበርና።
ሲሚንቶው ደረሰኝ አለው፣ ብረቱም፣ ቁጥሩ አይዛነፍም፤
አሸዋው ግን በአህያ ነው፤ አህያ ደረሰኝ አትጽፍም።

አያ ወሰኔ ከነልጁ፣ ወንዙ ውስጥ ቆሞ እየዛቀ፣
ጭነቱን በጠጠር ቆጥረን፣ ምሽት ላይ ሒሳቡ አለቀ፤
አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ገጹን በአሻራው አደመቀ።
ሠላሳ ሦስት ጊዜ አውራ ጣት፣ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣
(ሁሉም ላይ ጠባሳ አለ፤ ማጭድ የዳሰሰው የመሰለ።)

ሐምሌ አሥራ ሁለት ሌሊት፣ ወንዙ ሙሉ ጣውላ ወሰደ፤
ያን ገጽ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ እጄ በብርድ እየራደ፤
«ወጪ» ከሚለው ሥር፦ «ውሃ ይዞት የወረደ።»
ለውሃስ ማን ያስፈርማል?

ኦዲተሯ ልጅ እግር ናት፤ መነጽሯን ገፋ አድርጋ
ገለጠችው፣ ገለጠችው። ነገሯ ዝግ ያለ፣ የረጋ።
«ጋሼ እንግዳሸት፣ ሰነዱ ጎድሏል፤ መዝገብዎ ውድቅ ተብሏል፤
ከውሉ ዋጋ ከመቶው፣ ይህን ያህል እጅ
ትርፍ ሆኖ ተደልድሏል።»

ውድቅ። ቃሉን ደጋግሜ፣ በአፌ ውስጥ አላመጥኩት፤
ድልድዩ ቢወድቅ ኖሮማ፣ እኔም አሜን ባልኩት።

ቁጥሩን አየሁት። ያምር ነበር፤ እንዲህ ያለ ትርፍ አይቼ አላውቅም፤
ይህን ያተረፈ ሰውዬ፣ ከሰው ብድር አይጠይቅም፤
ሚስቱም የጆሮ ወርቋን፣ ለአርማታ ብላ አታወልቅም።
የእኔዋ ግን አውልቃለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን፣ መፈለግ ሆነ ሥራዬ፤
በስሜ የሚጠራውን፣ ግምት የወለደውን ሰውዬ።
ስሜ ስሙ፣ አያቴ አያቱ፣ የግብር ቁጥሬ ቁጥሩ፤
ግን ቤቱ ፎቅ ነው መሰለኝ፤ ቆርቆሮ አይደለም አጥሩ።
ከበሬሳ ማዶ ይሆን፣ በየት ሰፈር ይኖር ይሆን?
አሸዋ ጫኙ ሁሉ ለሱ፣ ማኅተም ይዞ ይዞር ይሆን?
ዝናብ አይመታው ሥራው፣ ናፍጣ አይወደድበት፣
መሐንዲስ አይቀርበት፣ መንገድ አይቆረጥበት፣
አምና የጸደቀው ክፍያ፣ ዘንድሮ አይዘገይበት።

ባገኘው አልጣላውም፤ ሰላም እለዋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ፤
ያንተ ግብር ነው የወረደብኝ፤ እባክህ አበድረኝ፣ ጌታዬ።

ቅሬታ ሰሚው ሰማኝ፤ ሰማ እንበል እንደ ስሙ፤
ይግባኙ ደጅ ግን ብር ሳያስይዙ፣ አይቻልም አሉኝ መቆሙ።

አያ ወሰኔን ይዤው መጣሁ፣ በአይሱዙ፣ ተጭነን በሌሊት፤
ጋቢውን ገልጦ ዘረጋላት፣ አውራ ጣቱን ከፊት ለፊት።
«ይቺ ናት የፈረመች» አላት። ጠባሳውን ከገጹ ጋር
አስተያየችና ዝም አለች፤ ብዕሯን አስቀመጠች ከዳር።
«እኔስ አባባ አምኜዎታለሁ» አለች፣ ድምጿን ቀንሳ፤
«ሲስተሙ ግን ጣት አይቀበል፤ ቦታ የለውም ለጠባሳ።»

መመለሻው ላይ መሸብን። መኪናው ጉም እየቀዘፈ፣
ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ፣ እያፏጨ፣ ሳያስብ አለፈ።
ሠላሳ ኩንታል ማዳበሪያ ነው፤ አንዱም አልተነቃነቀ፤
በግምት አይደለም የቆመው።
አያ ወሰኔ ቆቡን አወለቀ።
«ለማን ነው?» አልኩት።
«ለአሸዋዬ» አለና ሳቀ።

እኔ መዝገቤን ጭኔ ላይ፣ በላስቲኩ መልሼ አሰርኩት።
ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።